አልደርስ ያለ ደም

ሰኞ

የደሙን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሦስቴ አየሁት። ሦስቴም ያው። ነጭ የደም ሴሎቹ አልበሰሉም፤ ውስጣቸው ቀጫጭን በትሮች ተደርድረዋል፣ ልክ እንደ ጭራሮ እስር። በትምህርት ላይ በሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ የደሙ ባለቤት ትዝ አለችኝና አፈርኩ። አበሩ ትባላለች፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ከኮሶዬ ድዷ እየደማ መጥታ ዋርድ የተኛች።

ይሄ የደም ካንሰር በቀናት ውስጥ ይገድላል። ቶሎ ከተያዘ ደግሞ ከሚድኑት ነው። ግን እኔ አዲስ ተመራቂ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ያለ ላቦራቶሪው ዶክተር ፊርማ ውጤት አይወጣም። እሳቸው ማክሰኝት ከተማ ቀርተዋል፣ መንገድ ተዘግቶ። ስልኩም አይገባም።

ማክሰኞ

የስላይዱን ፎቶ ለዶክተሩ ለመላክ ሞከርኩ። ኢንተርኔት የለም። የአበሩ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ነገ ጸበል ልወስዳት ነው።»

«እስከ ነገ ከሰዓት ይቆዩ፣ አያ።»

«ምን አየሽ?»

«የዶክተሩ ፊርማ ሳይኖር መናገር አልችልም።»

«ምነው ታዲያ ያዝሽን?»

መንገድ ላይ ደም ቢፈሳት የሚያቆምላት የለም። ይህን እያወቅሁ ቆሜ አየኋቸው።

ረቡዕ

ረፋድ ላይ ስልክ ሠራ። ዶክተሩ ስላይዱን በቃል አስነገሩኝ። «ያየሽውን እንጂ የገመትሽውን አትንገሪኝ» አሉ። የጭራሮ እስሩን ስነግራቸው አስደገሙኝ። ከዚያ፣ «የጂን ምርመራው ናሙና መንገድ ሲከፈት ይሄዳል። የዚህን ካንሰር ክኒን ግን ዛሬውኑ ትጀምር፤ ለዋርዱ ሐኪም አሁን እደውላለሁ።»

ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ከነገራቸው በኋላ አያ ደሴ ወደ እኔ መጡ። ሁለት ጂኖች ተቆርጠው ሲጣበቁ ሴሉ መብሰሉን እንደሚያቆም፣ ክኒኑም እንደሚያበስለው አስረዳሁ።

«አልደርስ ያለ ገብስ ነዋ።»

«እንደሱ ነው።»

«ገብሱንስ ውርጭ መታው እንበል። እሷን ምን መታት?»

አይታወቅም አልኳቸው። ከዚህ የከበደ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ሌላ ጣጣ፦ ክኒኑ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፣ ጠዋትና ማታ። ፍልሰታ ነው። አበሩ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አልቀምስም።» አያ ደሴ የንስሐ አባቷ ዘንድ ደወሉ። ቄሱ ከሁለት ቃል በላይ አልተናገሩም፣ «ትብላ፤ ትዋጥ» ብቻ።

አያ ደሴ ስልኩን እየዘጉ፣ «ካንቺ ዶክተር ቄሱ ፈጥነው ፈረሙ» አሉኝ።

ሐሙስ

ትራሷ አሁንም ደም ነው። ዘገየሁ መሰለኝ። ሰኞ ማንንም ሳልጠብቅ ዋርድ ገብቼ መናገር ነበረብኝ? ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ሳመነዥክ ዋልኩ። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ

መድማቱ ትንሽ ቀነሰ። ወይም እንዲቀንስ ስለፈለግሁ ነው የመሰለኝ።

ቅዳሜ

አበሩ ተጉመጥምጣ ሳህኑ ላይ ተፋች። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። አያ ደሴ ጎንበስ ብለው ቆይተው አዩት፤ ሳህኑን ለእኔም አዘነበሉልኝ።

የዛሬው ስላይድ ላይ ግን ሴሎቹ ገና አልበሰሉም። ዶክተሩ በስልክ፣ «ታገሺ፤ ቀናት ይፈልጋል» አሉ። ነገ ጠዋት ለአዲሱ ስላይድ ደሟን የምቀዳው እኔ ነኝ።