ጎረቤቶቼን ደንበኛ ስላደረጉልኝ

ይድረስ፦ ለተከበሩ የቤት ውስጥ ሽያጭ አሠልጣኛችን

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም አዳራሹን የሚያንቀጠቅጠው ድምፅዎ እንዴት እንደሰነበቱ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለምክርዎ ይግባውና፣ ደህና ነኝ፤ ሰው ሁሉ ስለሸሸኝ ጉንፋን እንኳ የሚያጋባብኝ አላገኘሁም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ጎረቤትና ወዳጅ ሳሎናቸው ጋብዘው፣ ሻይ አቅርበው፣ ክዳናቸው አየር የማያስገባ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲኮችን እያሳዩ እንዲሸጡ ካሠለጠኗቸው ሴቶች አንዷ ነኝ። በመጀመሪያው ግብዣ ከእኔ የገዙት አማቴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አዝነውልኝ ነው። ተስፋ ቆርጬ ስደውልልዎ «ገበያው አልቀዘቀዘም፣ የቀዘቀዝሽው አንቺ ነሽ» ብለው በአባትነት ካጽናኑኝ በኋላ ሦስት ምክር ለገሱኝ። የምክሩን ፍሬ ለብቻዬ መብላት ንፉግነት ስለመሰለኝ፣ ሌሎች ሻጮችም ይቋደሱት ዘንድ እነሆ በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ «ዕቃው ራሱ ይናገር» ብለውኝ ነበር። እኔም በሁለተኛው ግብዣ እንግዶቹ እየነካኩ እንዲወዱት ብዬ የሻዩን ስኳር እርስዎ በሚኮሩበት ባለሰማያዊ ክዳን ዕቃ ውስጥ ጨመርኩት። ክዳኑ፣ እውነቱን ለመመስከር ያህል፣ አየር አላስገባም፤ እጅም አላስገባም። አጠገቤ የምትኖረው ፀጉር ሠሪ ጎረቤቴ በጥፍሯ ሞከረችው፣ ባለቤቴ ጉልበቱ መሃል ወትፎ ታገለው፣ ሙቅ ውኃም ተደፋበት፤ በመጨረሻ ምድር ቤት ጋራዥ ያለው መካኒክ ተጠርቶ ይዞት ወረደና፣ ከታች የመዶሻ ድምፅ እየሰማን ሻያችንን ያለ ስኳር ጠጣን። አማቴ ያገዙኝ መስሏቸው «ይሄ እኮ ለስኳር አይደለም፣ ለወርቅ ነው፤ ሌባ አይከፍተውም» ሲሉ እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። የገዛ ግን አልነበረም። ዕቃው ይናገር ሲሉኝ ምስጢር ጠባቂ መሆኑን ስለደበቁኝ፣ ቢያንስ ስለ ሳቁ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ «የምታውቂው ሰው ሁሉ ደንበኛሽ ነው»። ይህ ምክር ዓይኔን ገለጠልኝ። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቃቸውን ሰዎች እንዲሁ በባዶ ነበር የምወዳቸው! ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ያገኘሁትን ደረጃ ላይ፣ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ያገኘሁትን ሰልፍ ላይ ስለ ክዳን አስረዳሁ። እግሯ ተሰብሮ ልጠይቃት የሄድኩ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ፣ እግሯ በጀሶ ታስሮ መሸሽ ስላልቻለች፣ ትልቁን ከትንሹ ጋር ገዛች። በዚህ ሙያ ሙሉ በሙሉ የተሳካልኝ ሽያጭ ይህ ብቻ ነው። ጀሶው ከተፈታላት ወዲህ ግን አላየኋትም፤ በጣም ፈጣን ሆናለች ይባላል።

፫ኛ፦ «‹አይ› ማለት ‹ገና ነኝ› ማለት ነው፤ ደግመሽ አንኳኪ»። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ለጥቂት መስመር ቆም ላድርገው። ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤቴ በሬን ሳታንኳኳ የምትገባ፣ ካውያዬን ሳትጠይቅ የምትወስድ፣ ስታመም ፀጉሬን አልጋዬ ላይ አጥባ የምታበጥርልኝ ሰው ነበረች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፕላስቲክ ዕቃዎቹን የያዘውን ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በሯን አንኳኳሁ። ውስጥ ሬዲዮ ይዘፍን ነበር፤ ጠፋ። ቀጥሎ «ዝም በሉ፣ እሷ ናት!» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። በመመሪያዎ መሠረት ደግሜ ማንኳኳት ነበረብኝ፤ እጄ ግን እምቢ አለ። ቤቴ ገብቼ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እንባዬ ሲያባራ ሻንጣውን ከሥሬ ስቦ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ያደረግሁትን በሥልጠናው ላይ አላስተማሩንም። ለሁሉም «እሑድ ሻይ ብቻ፤ የሚሸጥ ምንም ነገር የለም» የሚል መልእክት ላክሁ። የመለሰልኝ መካኒኩ ብቻ ነው፤ እሱም «ብቻ ማለት?» ብሎ። በመጨረሻ አማቴ በየበሩ እየዞሩ፣ ምለው ተገዝተው ሰብስበው አመጧቸው። እንግዶቹ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቁ ሰዎች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወደ ወጥ ቤት በተነሳሁ ቁጥር ጸጥ ይላሉ፤ ብስኩት ይዤ ስመለስ ይተነፍሳሉ። ፀጉር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ካየች በኋላ አላስቻላትም።

«እሺ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

ትንሽ አየችኝና ስኒዋን አስቀመጠች። «ያን ቅዳሜ እኮ ቤት ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ጥሩ ዘፈን ላይ ነበር ያጠፋሽው።»

መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች መጥታ አጠገቤ ተሸጎጠች፤ እኔም ብስኩቱን ማዞሩን ለባለቤቴ ተውኩለት። ማንም ምንም አልገዛም፤ ማንም ግን ቶሎ አልሄደም። በእርስዎ አቆጣጠር ከግብዣዎቼ ሁሉ የከሸፈው ይኸኛው መሆኑን ስገልጽ ደስታዬን መደበቅ ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ስለዚህ ዕቃዎቹን እስከነክዳናቸው ወደ ቢሮዎ ልኬ ሥራውን በታላቅ ትሕትና ለቅቄያለሁ። የእርስዎን ያህል ለሽያጭ የተጉ፣ ከሻጮችዎ ሳሎን ግን አንዱንም ረግጠው የማያውቁ አሠልጣኝ ዳግመኛ እንደማይገጥመኝ አምናለሁ፤ ይህም ተስፋዬ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ምክርዎን ግን ያሳጥርልን።

የቀድሞ ሻጭዎ፣ የዛሬ ጎረቤት

ማስታወሻ፦ ስንብቴን በቃል ላሳውቅዎ ብዬ ቤትዎ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሱት የተከበሩት ባለቤትዎ የፕላስቲኩን ስም ገና ስጠራ «ልጄ፣ እሱንስ እዚህ ቤት እንዳያስገባው ከልክዬዋለሁ፤ እኛ የምንጠቀመው የብርጭቆ ዕቃ ነው» አሉኝ። እንዲህ ዓይነት አስተዋይ ሴት ቤትዎ ተቀምጠው ሳለ እኛን ለማሠልጠን ያን ሁሉ መንገድ መመላለስዎ አሳዝኖኛል።