ሠላሳ ሁለትና ሠላሳ ሦስት

ማንጌሬ፣ ኦክላንድ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለማከብርህ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ የጉልበትህ ነገርስ? ብርዱ ሲገባ እንደሚነሳብህ ባለቤትህ ቶአካሴ ነግራኛለች። ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጭንቀት በቀር ምንም አልጎደለኝም።

ከቤቴ እስከ ቤትህ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ እሑድ እሑድም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንተያያለን። ታዲያ ይቺን ሴትዮ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። ስልክም አለ። ግን ስልክ ድምፅ አለው። እኔ ይህን ስጽፍ አንተ የለህም፤ አንተ ስታነበው ደግሞ እኔ አልኖርም። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አልተቀመጥንም ማለት ነው። ይህን አስቤበት ነው ወረቀት ያነሳሁት።

መጀመሪያ ደስታዬን ላውራህ፤ ጭንቀቱ የትም አይሄድም። መጽሐፉ ታትሞ መጣ! አሥር ሴቶች፣ አሥር ታሪክ። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ እኛው ከዛፍ ቅርፊት ቀጥቅጠን የምንሠራው ጨርቅ ነው፤ ያውም እኔ ራሴ የቀባሁት ጥግ፣ ቡናማው ቀለም ትንሽ የፈሰሰበት። ሌላ ሴት ብትሆን ፎቶውን ለውጡልኝ ትል ነበር። እኔ የፈሰሰውን ሳይ "ይሄ የኔ እጅ ነው!" ብዬ ሳቅሁ። የቤተ መጻሕፍቷ ፋአሳይና፣ ያቺ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰብስባ የምታስጽፈን የሳሞዋ ልጅ፣ ካርቶኑን ስትከፍተው አሥራችንም አፍንጫችንን መጽሐፉ ውስጥ ቀብረን "ጠረኑ፣ ጠረኑ!" ስንል ብታይ እብዶች ናቸው ትል ነበር። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ስሜን ታትሞ ያየሁት የቤተ ክርስቲያኑ የጽዳት ተራ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው። አሁን ገጽ ሠላሳ ላይ ነኝ። በትልቅ ፊደል።

አሁን ደግሞ ንስሐዬ። ቶአካሴ እየመጣች "ኧረ መጽሐፉን ቀድሜ ልየው ብሎ አላስቀምጥ አለኝ" ስትለኝ፣ አንዴ ማተሚያ ቤቱ ዘገየ አልኳት፤ አንዴ ገጹ ተዛንፎ ተመለሰ አልኳት። ውሸቴን ነው። ካርቶኑ አልጋዬ ሥር ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ምንጣፍ ልትዋስ መጥታ ጎንበስ ስትል አገኘችው። "ማተሚያ ቤቱ እዚህ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ያስዋሸኝን ነገር ልንገርህ። ታሪኬ ገጽ ሠላሳ ይጀምራል፣ ሠላሳ አምስት ላይ ያልቃል። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ሁለትና ሠላሳ ሦስት አንተ ባለህበት የማይነበቡ ናቸው። ከዚህ በላይ አላብራራም፤ ገብቶሃል።

አንተ ደግሞ ምን አደረግህ? በደስታ ብዛት፣ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ታሪካችንን ስናነብ የመዘምራኑን ቡድን በሙሉ በቫን ላመጣ ነው አልክ። በዚያ ላይ የድምፅ ማጉያውን እኔ አመጣለሁ፣ እኔው እቆምበታለሁ አልክ። ቶአካሴ ይህን ይዛ ስትመጣ እኛ አዳራሹ ውስጥ ነበርን፤ የካሳቫ ሙጫ እየቀባን የጨርቁን ቁርጥራጭ እናጣብቃለን። ሴቶቹ ገጹን ሁሉም አንብበውታል። እማማ ኡይኒሴ ሙጫ ያለበትን እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነችና "ጉድ ፈላ! አንቺ ስለ መሳም ስታነቢ በወንድምሽ የማጉያ ሣጥን ሊጮህ ነው! ያውም አብዝቶ ከፍቶት!" አለች። ከዚያማ ምን ልበልህ፤ ሥራው ቆመ። አንዷ "እዚያ ቦታ ስትደርሺ ሳል ይያዝሽ" ትላለች። ሌላዋ "ሁለት ገጽ ሙሉ ብትስል አምቡላንስ ይጠሩላታል" ትላለች። "የኮኮናት ወተት ድምፅ ማጉያው ላይ ድፊበት" ያለችም አለች። እማማ ኡይኒሴ ግን ቆየት ብላ "የታሪክሽን ልጅ ስም ለውጪና እኔ ናት በይ። እኔ ወንድም የለኝም። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ተስሜ እንደነበር ቢሰማ የሚቀየመኝ የለም፤ እንዲያውም ይኮሩብኛል" አለችኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳላስበው እንባዬ መጣ። ሙጫ ዓይኔ ገባ አልኳቸው።

እህትና ወንድም አብረው ባሉበት የፍቅር ነገር እንደማይነሳ አንተ ታውቃለህ፤ የዛሬ ልጆች አያውቁም። ያንተዎቹ ወንድና ሴት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያንን ሁሉ ፊልም ያያሉ። እኛ አገር ቤት ቫቫኡ እያለን ቪዲዮ ሲከፈት፣ ገና ወንዱና ሴቲቱ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲጀምሩ አንተ "አሳማዎቹን ልይ" ብለህ ትወጣ ነበር። የኛን አሳማዎች ያህል የተጎበኘ አሳማ በደሴቲቱ አልነበረም። የአጎታችን ልጅ ሰርግ ላይስ? ያ ቀልደኛ ተናጋሪ ስለ ሙሽሮቹ መኝታ አንድ ነገር ጣል ሲያደርግ እኔ በአንዱ ጥግ፣ አንተ በሌላው ጥግ ነበርን። አዳራሹ ሲስቅ አንተ ተነሥተህ ወጣህ። ጀርባህን አየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ሰው ደጅ አልረገጥክም። አሁን ያ ተናጋሪ እኔ ልሆን ነው፤ አንተም በመዘምራንህ ፊት ተነሥተህ ልትወጣ ነው። ይህን እያሰብኩ ሳምንቱን ሙሉ አንድ የባህል ልብስ ቀበቶ ሠርቼ መጨረስ አቃተኝ፤ ጠልፌ እፈታለሁ፣ ጠልፌ እፈታለሁ።

ታዲያ ለምን ጻፍሽው ትለኛለህ። ታሪኩ የፈጠራ ነው፤ ይህን በደንብ ያዝልኝ። ፋአሳይናም የፈጠራ በሚለው ክፍል ነው ያስገባችው። ቫቫኡ ውስጥ አንዲት መንደር አለች። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለች። የጀልባ ሞተር ሊጠግን ከፊጂ የመጣ አንድ ሰው አለ። እነዚህ ሠላሳና ሠላሳ አንድ ላይ ናቸው። ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን እዘላለሁ።

ሠላሳ አራት ላይ ያለውን ግን ልነግርህ እችላለሁ፤ ነውር የለበትም። የመንደሩ ሴቶች ለአንድ ትልቅ ሰው ቀብር ብለው ሁለት ወር የደከሙበት ረጅም የቅርፊት ጨርቅ ቀለሙ ሳይደርቅ ሣር ላይ ተዘርግቷል። ቀትር ላይ ሴቶቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ባሕሩ ወረዱ። ሲመለሱ ከጨርቁ መሐል አንድ የወንድ እግር ዱካ አገኙ፣ ጥርት ያለ፣ ከነአምስት ጣቱ፣ ወደ ጀልባዎቹ አቅጣጫ የሮጠ። የልጅቷ አባት ተጠርቶ መጣ። "የማን እግር ነው?" አለ። ልጅቷ ማጀት ውስጥ ሆና ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ይሄኔ ወንድሟ ከቤቱ ጀርባ ወጣ፤ ሄደና እግሩን ዱካው ላይ አሳረፈ። ዱካው ይሰፋው ነበር። በሁለት ጣት ያህል ይሰፋው ነበር፤ ልጅቷ በመስኮት አይታዋለች። አባትየው አይቶ እንደሆን ማንም አያውቅም። "የኔ ነው" አለ ልጁ። ለዚያ "የኔ ነው" ተገረፈ። ሴቶቹ ሁሉ እያዩት ጨርቁ ተቆረጠ። የመምህራን ማሠልጠኛው ቀረበትና አጎቱ ዘንድ ኦክላንድ ተላከ፤ ሥጋ ፋብሪካ ገባ፤ እዚያው ሸበተ።

ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እንዴትስ ይነጋገራሉ? ልታመሰግነው ብትፈልግ ለምን እንደምታመሰግነው መናገር አለባት፤ ያንን ደግሞ እህት ለወንድሟ አትናገርም። እሱም "አውቃለሁ" ማለት አይችልም፤ አውቃለሁ ካለ ምን እንዳየ መናገሩ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት እንዲህ ይኖራሉ። እሷ ለልጆቹ ልደት ቀበቶ ትሠራለች፤ እሱ ጣሪያዋ ሲያፈስ ሳይጠራ መሰላል ይዞ ይመጣል።

ፈጠራ ነው፣ እንዳልኩህ።

ቶአካሴ ግን ካርቶኑን ያገኘች ቀን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ "መኪና ማቆሚያው ላይ ጨርቅ ስናሰጣ እሱ ለምን በአጥሩ ዙሪያ ዞሮ እንደሚያልፍ፣ ያውም ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሁሌ ይገርመኝ ነበር። ለዚህ ነው እንዴ…" አለችና ሳትጨርሰው መጽሐፉን ዘጋችው። "ኧረ ፈጠራ ነው" አልኳት። "አዎ፣ ፈጠራ ነው" አለችኝ፣ በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ሁለቱን ገጽ ዘልዬ ለማንበብ ሞክሬያለሁ፤ አልሞከረችም እንዳትለኝ። ልጅቷ ሠላሳ አንድ ላይ የጓሮ በር ትከፍታለች፤ ወዲያው ጨርቅ ይበላሻል። እማማ ኡይኒሴ አዳምጣኝ "ስለ ልብስ አጠባ ነው እንዴ የጻፍሽው? ልጅቷ ምን አጠፋች? ወንድሟስ ለምን ያብዳል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለቱ ገጽ ከሌሉ ልጁ ምን እንደተሸከመ አይታወቅም፤ ሠላሳ አምስት ላይ ልጅቷ ለወንድሟ የምትለውም ባዶ ቃል ይሆናል። ፋአሳይናም ጨንቋት "ስለ ሙጫ አሠራር የጻፍሽውን ብታነቢስ?" ብላኝ ነበር። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ስለ ሙጫ ለማውራት አይደለም።

ስለዚህ ሴቶቹ አንድ ዘዴ መከሩ። ስማኝ። ቅዳሜ የመጨረሻዋ አንባቢ እኔ ነኝ። ከአዳራሹ ጀርባ በጋለ ድንጋይ የሚቀበረውን ምግብ የምትቆጣጠረው እማማ ኡይኒሴ ናት፤ አፈሩ መቼ እንደሚነሳ የምትወስነውም እሷ። እኔ ሠላሳ አንድን ጨርሼ ውኃ ስጎነጭ እሷ በጓሮው በር ብቅ ብላ "ወንዶች! ታሮው አረረ! ድረሱ!" ብላ ትጮሃለች። ድንጋይና አፈር ማንሣት የወንድ ሥራ ነው፤ ፓስተሩም ሳይቀር ይወጣል፤ እሱማ ቀድሞ ነው የሚወጣው። አንተም ከሁሉም ጋር ትወጣለህ። ማንም ምንም አይልም። ሁለቱን ገጽ በወጥ ቤቴ ሰዓት ለክቼዋለሁ፤ ካልተንቀጠቀጥኩ አራት ደቂቃ ነው። ከዚያ ቶአካሴ "ማጉያው ይጮሃል፣ ና አስተካክል" ብላ ትጠራሃለች። ና። ሣጥንህ አጠገብ ቁም። ሠላሳ አራትንና ሠላሳ አምስትን ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላይህም፤ አትቀየመኝ።

ዝናብ ቢመጣስ እላለሁ። ምግቡ ቀድሞ ቢደርስስ? እማማ ኡይኒሴ ሳቅ ቢያመልጣትስ? ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ይህን ደብዳቤ አንብበህ ጭራሽ እንዳትቀር ነው። ማጉያ ከሌላ ቦታ ይገኛል። ያንተ ቦታ ባዶ ከሆነ ግን ሠላሳ አምስትን ለማን አነባለሁ?

መጽሐፉን ለቶአካሴ ሰጥቻታለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር ይደርስሃል። ከእንግዲህ ውሸት የለም። ሁሉንም ሴት አንብብ፤ የፋአሳይናን መቅድምም አንብብ፤ ስለኔ አንድ መስመር አለበት። የኔ ጋ ስትደርስ ሠላሳ ሁለትና ሠላሳ ሦስት ፊት ለፊት የሚተያዩ ገጾች ስለሆኑ ጠርዛቸውን ገጥሜ ሰፍቻቸዋለሁ። ቀጭን መርፌ ነው የተጠቀምኩት፤ ወረቀቱ አልተቀደደም፤ ስፌቱም የኔ ስፌት ስለሆነ አላፍርበትም። የተሰፉትን ሁለቱን አንድ ላይ ገልጠህ ወደ ሠላሳ አራት ትሻገራለህ።

ክሩን ግን መጨረሻው ላይ አልቋጠርኩትም። ካልነኩት ይይዛል፤ ከሳቡት ይወጣል። የትኛውን እንዳደረግህ አልጠይቅህም። አንተም አትነግረኝ።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ፤ እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ፤ ልጆችህ የልብህ ሰው ይሁኑልህ፤ ዕድሜህን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ፤ ካንተ በፊት እኔን ያድርገኝ።

የምታከብርህና የምትወድህ
እህትህ