ገመዱ ከመሰካቱ በፊት

እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? ሆንግ ኮንግ አሁን ብርድ ነው ይላሉ፣ ካልሲ ታደርጊያለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ አላህ ይመስገን። እማም ከቤት ስወጣ ደህና ነበረች፣ ዳክዬዎቿን ከሩዝ ማሳው እያባረረች ነው የተለየኋት።

መጀመሪያ እኔ መሆኔን እመኚኝ። ያኔ ለኢድ የተሰፋልሽን ቀሚስ በከሰል ካውያ አቃጥለሽው ፍየሏ በላችው ያልሽው፣ እኔም ዓይኔ እያየ ነው የበላችው ብዬ የማልኩት፣ እማ ፍየሏን በመጥረጊያ ስታሳድዳት እኔና አንቺ አልጋ ስር ገብተን በሳቅ የሞትነው። ይሄን አንቺን የላከችሽ ኢቡ ሄርሚን አታውቅም። ማንም አያውቅም። ስለዚህ እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት በስሜ የደረሰሽ ደብዳቤ ግን አንዱም የኔ አይደለም እትዬ፣ አንዱም።

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፊኝ። ዛሬ አርብ ነው፣ ወንዶቹ ሁሉ መስጊድ ሄደዋል። የኢቡ ወንድም ፓክ ጉናዲ ቢሮው ውስጥ ከውጭ ቆልፎብኝ ነው የሄደው። የስልኩን ገመድም ነቅሎ ኪሱ ከቶታል፣ ኢንተርኔቱ በዚያ ገመድ ነው የሚመጣው። ኹጥባው፣ የአርቡ ስብከት፣ በድምጽ ማጉያው ይሰማኛል። እሱና ሰላቱ እስኪያልቁ ነው ያለኝ ጊዜ።

እንዴት ቢሮ ገባሽ ትይኝ ይሆናል። ያው አንቺ የምታውቂው ቤት ነው፣ ለሰው ቤት ሥራ ወደ ውጭ የምንላክ ሴቶች ተቆልፈን የመሄጃ ቀናችንን የምንጠብቅበት። አሁን በሩ ሁለት ቁልፍ ሆኗል። ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ። ኢቡ ስድስተኛ ክፍል መጨረሴን ሰማችና «አንቺ ቀጭኗ፣ ፊደል ትለያለሽ አይደል፣ ነይ እስቲ» ብላ እዚህ አስቀመጠችኝ። ቅጽ እሞላለሁ፣ ፎቶ እለጥፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ኮምፒውተር መጣ። ያመጣው ልጅ ማስ ዮዮክ ይባላል፣ ተጫዋች ነው። ኢቡ ደብዳቤዋን ለማየት ኢንተርኔት ቤት ድረስ ከምትሄድ እዚሁ ጠረጴዛዋ ላይ ይምጣላት ብሎ የደብዳቤ ፕሮግራም ጫነላት። የቢሮውን አካውንት ራሱ አስገባ። የኢቡን የራሷን ደግሞ አንቺ አስገቢው ብሎ ነገሩን ሁሉ በሲጋራ ፓኮ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈልኝ። ስም፣ አድራሻ፣ ፓስወርድ፣ ደብዳቤው በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ። «ሩዝ እንደ መቀቀል ነው፣ ምን ያስፈራሻል» አለኝ። «ሩዝም አሳርራለሁ እኮ» አልኩት፣ እየሳቀ ሄደ።

እኔም ካርቶኑን እያየሁ ሞላሁት። መጨረሻው ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን መጣች። ምልክት ካደረግሽ የደብዳቤው ቅጂ ኢንተርኔቱ ላይ ይቀራል ትላለች። ካርቶኑ ላይ ስለሷ ምንም የለም። አሁን አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ያ ስንገባ የሚሰጡን ቅጽ ትዝ ይልሻል፣ ሳጥን ሳጥን ያለው? አጠገቤ የምትተኛው ዋርሲቲ ስም መጥሪያ መስሏት ሁሉም ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋ፣ ለካ የዕረፍት ቀን አልፈልግም፣ ስልክ አልይዝም፣ ሁለት ቤት እሠራለሁ ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የገባችውን ሁሉ «ሳጥን ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ፣ ምልክት ያደረግሽበት ሁሉ አንቺኑ ይበላሻል» እያለች ነው የምታስተምረው። እኔም እጄን ሰበሰብኩ። ሳጥኗን ባዶዋን ትቼ ቀጥል አልኩት።

ደብዳቤው መውረድ ጀመረ። ሲወርድ ሲወርድ አንድ ሺህ አለፈ። ደስ ብሎኝ ነበር እትዬ፣ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ።

በማግስቱ ኢቡ ጃካርታ ሆና ኢንተርኔት ቤት ገብታ ደብዳቤዋን ብትከፍት ባዶ ነው። ሁሉም ወደዚህ ወርዶ እዚያ ምንም አልቀረም። ስልክ ደወለች። ፓክ ጉናዲ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ነው የያዘው፣ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፤ «ሌባ ገብቷል ጉናዲ! አንድም የለም እኮ! ምን ስትሠራ ነበር አንተ ከብት!» ማስ ዮዮክ ተጠየቀ፣ ስለ ሳጥኗ ተናገረ፣ ምንም አልጠፋም፣ ሁሉም እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ሰኞ መጥቼ አስተካክላለሁ አለ። ፓክ ጉናዲ ወደኔ ዞሮ «ቁጭ በይና ከሆንግ ኮንግ የመጡት አንድ በአንድ መኖራቸውን እይልኝ። አንዷ ብትጎድል፣ ወላሂ፣ አንቺን ነው በጆንያ ጠቅልዬ የምልክሽ» አለኝ።

ስለዚህ አየሁ። እይ ስላለኝ ነው ያየሁት። ያንቺን ስም አገኘሁ።

አስራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፈሽልኛል። ሁሉም ላይ «እባካችሁ ለእህቴ አትማችሁ ስጡልኝ» ይላል። አንድም አልደረሰኝም። እኛማ ረስታናለች ብለን፣ እማ ስምሽን መጥራት ትታ ነበር። ከዚያ ኢቡ ራሷ መንደር ድረስ በመኪና መጥታ አንድ ወረቀት ሰጠችን፣ «ታናሼ ነይ፣ ኢቡ እናት ማለት ናት፣ የምትሰጥሽን ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚል፣ ከስሩ ያንቺ ስም። ትራሴ ስር አድርጌው ነበር የምተኛው። በሱ ነው የመጣሁት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያንን ሁለት ጊዜ ፈለግኩት፣ የለም። አንቺ የጻፍሽው «እሷን እንዳትልኳት፣ ትምህርቷን ትቀጥል፣ ስጨርስ እመጣለሁ» የሚል ነው።

ካንቺ ደብዳቤ ስር ደግሞ እኔ መለስኩልሽ የተባለው አለ። «ውድ እህቴ ሆይ» ይላል። እኔ መቼ ነው ሆይ ብዬሽ የማውቀው! ደስ ብሎኛል፣ ወፍሬያለሁ፣ እንዳትመጪ፣ ውል ጨምሪ ይላል። አንቺም አምነሽው። ደግሞ የመጨረሻውን አየሁት፣ የዛሬ ስድስት ቀን የጻፍሽውን። የፊታችን እሁድ እፈርማለሁ፣ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ፣ ከፈረምኩ ኢቡ እህትሽን ወደ እናቷ እመልሳታለሁ ብላኛለች ብለሻል።

አትመልሰኝም እትዬ። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ የኔን ቅጽ አውጥቼ አየሁት፣ የመሄጃ ቀኔ ተጽፏል፣ አንቺ ከፈረምሽ በአራተኛው ቀን ነው። አንቺን በኔ ነው ያሰረችሽ፣ እኔን ደግሞ ባንቺ።

እንግዲህ ስሚኝ፣ አልቅሼ አልጨርሰው። እሁድ ጠዋት ደብዳቤ ሳትከፍቺ ለፊርማው እዚያ ያለው ቢሮ እንደማትሄጂ ከጻፍሽው አውቄያለሁ። እንዳትፈርሚ። የፈለጉትን ይበሉሽ። ውልሽ አልቋል፣ ፓስፖርትሽን ተቀብለሽ ነይ። እዚህ ቤት ግን እንዳትመጪ፣ በቀጥታ እማ ጋ ሂጂ። ከዛሬ በኋላ በዚህ አድራሻ የሚመጣልሽ ሁሉ የኔ አይደለም። ታማለች ቢልሽም፣ ወጥታለች ቢልሽም፣ እየለመነችሽ ነው ቢልሽም።

ኢቃማ አለ። ሊሰግዱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዋርሲቲ ልብስ ማጠቢያው ጋ ጎትታ ወሰደችኝ። «ወንዶቹ ሲሰግዱ በልብስ ማስጫው ጣሪያ እወርዳለሁ፣ ነይ አብረን። እኔ ወፍራሟ ባለፍኩበት አንቺ ክር የምታክይው ማለፍ ያቅትሻል?» አለችኝ። እግሬን አሞኛል አልኳት። «ትናንት ስንጨፍር የት ነበር ይሄ እግር?» አለችኝ። ከዚያ ሻርፗን ፈትታ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ፣ እኔን መንገድ ላይ ይሞቀኛል ብላ። ይሄን ከተማ ያየሁት በመኪና መስኮት አንድ ቀን ብቻ ነው እትዬ፣ ወጥቼ ኮምፒውተር የት ብዬ እጠይቃለሁ? እዚህ ግን ፓስወርዱም እጄ ላይ ነው። ፓክ ጉናዲ «እኛ ስንሰግድ ማሽኑን ማን ይጠብቃል?» ሲል «እኔ» አልኩት። እግሬንም አሳርፋለሁ።

ቅድም የማስጫው ቆርቆሮ አንዴ ድው ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም። ውሻው አልጮኸም።

ይሄን ጽፌ ስጨርስ ላክ እለዋለሁ፣ ፕሮግራሙ የሚላኩ የሚል ቦታ አለው፣ እዚያ ያቆይልኛል። ፓክ ጉናዲ ሲመለስ ገመዱን ይሰካል፣ ምክንያቱም ኢቡ ከሰላት በኋላ ደውላ አዲስ ነገር መጣ ወይ ትለዋለች። መስመሩ እንደገባ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚልከው ያደረውን ነው፣ ከዚያ ነው አዲስ የሚያመጣው። ትናንት አንድ ባዶ ደብዳቤ ልኬ ሞክሬዋለሁ። በሱ በራሱ እጅ ነው የሚሄድልሽ። ቅጂው ግን የተላኩ የሚለው ውስጥ ይቀራል። ኢቡ ነገ ትገባለች፣ መጀመሪያ የምትከፍተውም እሱን ነው። እንዴት እንደሚጠፋ ማስ ዮዮክ አላሳየኝም።

አሰላሙ ዓለይኩም አሉ። ጨርሰዋል። ገና ነጠላ ጫማ ይፈልጋሉ፣ ያወራሉ፣ ፓክ ጉናዲም አንድ ሲጋራ ያጨሳል።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በባሕሩም በሰማዩም ይጠብቅሽ፣ እማ ደጃፍ ላይ በእግርሽ ያቁምሽ። ስለ እኔ አታስቢ፣ እግሬ ሲሻለኝ እወጣለሁ። እማ የት ናት ብላ ከጠየቀችሽ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው በያት። ውሸት አይደለም።

በሩ ላይ ቁልፍ እያስገባ ነው። ላክ አልኩት።

ታናሽሽ