ግርምሽ፣ ጠበቃችንን ቀየርኩ

የኔ ግርምሽ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ከዚህ በፊት ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር የምፈልገውን በአፌ እነግርህ ነበር፤ ያልሰማህ ስትመስልም ደግሜ እነግርህ ነበር። መቃብርህ ዘንድ ስመጣ እንባዬ ይቀድመኝና ወሬዬን ሳልጨርስ እመለሳለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የተማሪዎቼን ደብተር ወደ ጎን አድርጌ ብዕር አነሣሁ። ከባዱን አስቀድሜ ልናገረውና ልገላገል፦ ጠበቃችንን ቀይሬያለሁ። አዎ፣ ጋሽ በቀለን፣ የገዛ አበልጃችንን። እስከ መጨረሻው ሳትሰማኝ እንዳትቆጣ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አሁንም ጀጎል ውስጥ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ ባሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎቻችን ነኝ። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ያው የገበያው ጫጫታ ነው። በርበሬ በሚራገፍበት ቀን ግቢው በሙሉ ያስነጥሳል፤ ያንተን ሰባት ተከታታይ ማስነጠስ የሚተካ ግን አልተገኘም። ናሆም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብቷል። ቁመቱ ካንተ በልጦ ግራጫው ኮትህ እጅጌው አጥሮበታል፤ እሱ ግን ሰብሰብ አድርጎ ይለብሰዋል። አንተ ራስህ የሠራኸው የመኝታ ቤት በር፣ «እሑድ አስተካክለዋለሁ» ስትለኝ የኖርከው፣ አሁንም ይጮኻል። ዘይት ቢነካው ዝም እንደሚል አውቃለሁ። አልነካሁትም።

አቦከር ያለውን ቦታ ያገኘንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ግማሹ የፈረሰ የጭቃ ቤት፣ አንድ የዘይቱን ዛፍ፣ ከዚያ ሌላ ምንም። እኔ እባብ ይኖር ይሆን እያልኩ ቀሚሴን ሰብስቤ ቆሜያለሁ፤ አንተ ፍርስራሹ መካከል ገብተህ እጅህን ዘርግተህ «መስኮቱ እዚህ ነው፤ ጠዋት ሲከፈት ሐኪም ጋራ ይታያል» ትላለህ። በማግስቱ በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ፕላኑን ነድፈህ መጣህ። የእጅ ሥራ አስተማሪ አይደለህ፣ መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ ነው። ማድ ቤቱ ግን የቁም ሳጥን ያህል ነበር። በዚያ ጉዳይ ከአቦከር እስከ ሸዋ በር ባጃጅ ውስጥ ስንጨቃጨቅ ሹፌሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «እናንተማ ቤቱን ሳትሠሩት አፈረሳችሁት» አለን።

ከባጃጁ ስንወርድ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ያልከኝ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አባትህ ዕድሜ ልካቸውን በሰው ቤት ኖረው አስከሬናቸውም ከሰው ቤት እንደወጣ ነገርከኝ። «አንዲት የቤት ወረቀት ላይ ስሜ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ» አልክ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ስለ ማድ ቤቱ አልተከራከርኩህም።

ከቦታው ባለቤት ከሐጂ ዩስፍ ጋር የሽያጭ ውሉን ተፈራረማችሁ። የቀረው ካርታውን፣ የይዞታ ማረጋገጫውን ማለት ነው፣ ከእሳቸው ስም ወደ እኛ ማዛወር ነበር። በዚያው ሰሞን ሕመምህ ጠና። ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ሲያቅትህ ለጋሽ በቀለ ውክልና ሰጠሃቸው። ጠበቃ ናቸው፣ ናሆምንም ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው፤ ከዚህ በላይ ማን ይታመናል? ወረቀታችንን ሁሉ በሰማያዊ ፎልደር አድርገን ሰጠናቸው። ለመቀበላቸው ፊርማ አልጠየቅንም። አበልጅ ፊርማ ይጠየቃል? የት አደረሱት ተብሎስ ይጨቀጨቃል? እንኳን ልንጠይቅ፣ እሳቸው ነገሩን ሲያነሡ እንኳ «ኧረ ይደርሳል፣ አይጨነቁ» እያልን ወሬ የምንቀይረው እኛው ነበርን።

አንተ ከሄድክ በኋላም አልጠየቅኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ መጠየቅ አልፈለግኩም። ያ ውክልና ላይ ፊርማህ አለ። ሌላው ነገርህ ሁሉ ቆሟል፤ ሰዓትህ ቆሟል፣ መጋዝህ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው። በዚያ ፎልደር በኩል ግን አሁንም ስለ እኛ ቢሮ እየገባህ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት ነው፤ በዚሁ ሞኝነት ዓመት ገፋሁ።

የሙት ዓመትህ ተዝካር በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ሐጂ ዩስፍ ከዘራቸውን እያንኳኩ ቤት ድረስ መጡ። ልጃቸው ጅጅጋ ልትወስዳቸው ነው። «ልጄ፣ አረፋን እዚህ እውልና እሄዳለሁ። ጉልበቴ አልቋል፤ ተመልሼ መምጣቴን አላህ ያውቃል። ከዚያ በፊት ለፊርማው ጥሩኝ» አሉኝ። ለአረፋ የቀረው ሁለት ወር አይሞላም። እሳቸው ሳይፈርሙ ከሄዱ ቦታው በስማቸው እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ ያንተም መስኮት የፈተና ወረቀቱ ጀርባ ላይ ይቀራል።

ወደ ጋሽ በቀለ ሮጥኩ። «ሂደት ላይ ነው» አሉኝ። በሳምንቱ ስሄድም ያው ሂደት ላይ ነው። በልቤ ስንት ነገር እንዳልኳቸው እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሰነፍ አልኳቸው፣ ሞቶ የቀደመንን ወዳጅ የረሱ አልኳቸው። በዚያው ወር በሚካኤል ማኅበር ጸሎት ሲያደርሱ መጽሐፉን ዘርግተው ይዘው ገጹን እንደማይገልጡት አየሁ። ሁሉንም በቃላቸው ነው የሚሉት። ያን ያህል ማወቃቸው ገረመኝ እንጂ ሌላ አልጠረጠርኩም።

የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ አንዲት ወጣት ጠበቃ ጋ ወሰደችኝ። ኢማን ትባላለች፣ የጀጎል ልጅ ናት። ስምህን ስነግራት ከወንበሯ ብድግ አለች። «ቲቸር ግርማ! በርጩማዬን አራት ጊዜ አፍርሰው ያሠሩኝ!» አራተኛው በርጩማ እስከ ዛሬ እናቷ ቤት እንዳለና ንቅንቅ እንደማይል ነገረችኝ። ስለ ውክልናው ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ አስቴር፣ የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ቲቸር ካረፉበት ቀን ጀምሮ ያ ወረቀት አይሠራም» አለችኝ።

ሁለተኛ መርዶ ነበር፣ ግርምሽ። እዚያው የሰው ቢሮ ውስጥ አለቀስኩ። ኢማን ሶፍት አቀበለችኝና እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ናሆም ወራሽህ መሆኑን፣ እኔም ሚስትህ መሆኔን ፍርድ ቤት ማረጋገጥ አለበት፤ ከዚያ ካርታው በእኔና በናሆም ስም ይወጣል። በግርማ ስም አይወጣም ወይ አልኳት። በሞተ ሰው ስም ካርታ እንደማይወጣ ስትነግረኝ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። ያቺን አንዲት ወረቀትህን በገዛ እጄ የነጠቅኩህ መሰለኝ። ቢሆንም ቦታው ከሚጠፋ ብዬ «ጉዳዩን ያዢልኝ» አልኳት። «ኢንሻአላህ ከአረፋ በፊት» አለች።

የቀረው ሰማያዊው ፎልደር ነው። አበልጅን «ጠበቃነትዎ ይብቃኝ» ብሎ በምን አፍ ይባላል? ሦስት ቀን አሰብኩና ሽማግሌ ላክሁ። ንስሐ አባታችንና አንድ የማኅበራችን ሰው ናቸው። «ምን አደረገሽ?» አሉኝ። ምንም። «ታዲያ ምኑን እናስታርቃችሁ?» እንዳንጣላ ብዬ ነው አልኳቸው። ንስሐ አባታችን እስከ ዛሬ ያለ ጠብ ሽማግሌ ሆነው እንደማያውቁ እየተናገሩ ሙሉውን መንገድ ሲገረሙ ሄዱ። እኔም ከኋላቸው አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩ።

ጋሽ በቀለ ሁሉንም እስከ መጨረሻ ሰሙ። ከዚያ ተነሡና ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ። ግርምሽ፣ የገዛ ሳሎናቸውን እየዳሰሱ! ያኔ ነው የገባኝ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ማንበብ ካቆሙ ከርመዋል፤ ጠበቃ ሆኖ አላይም ማለት አሳፍሯቸው ለባለቤታቸው እንኳ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩት። ፎልደሩን እጄ ላይ አድርገው ሳይለቁት ቆሙ። «ማየቱስ ቢቀር ጸሐፊ ጋ ሄጄ ላስጽፍ ነበር። ማመልከቻው ግን ‹ሟች ግርማ› ብሎ ነው የሚጀምረው። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ከአፌ አልወጣ እያለኝ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ» አሉኝ። እኔ ሰነፍ ያልኳቸው ሰው! ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሳቸውም አንሥተው አቀፉኝ። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ሥራ አገኙ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። ኢማን ማመልከቻውን ጻፈች፤ ያንን ከባድ ቃልም በእኔ ፈንታ እሷ ጻፈችው። ፍርድ ቤት ምስክር ሲፈለግ መጀመሪያ የቆሙት ጋሽ በቀለ ናቸው። ዳኛዋ ሟቹን እንዴት እንደሚያውቁት ስትጠይቃቸው ኮታቸውን ቆልፈው «ልጁን ክርስትና ያነሣሁ ነኝ» አሉ። አርባ ዓመት ጥብቅና ሲቆሙ እንደዚያ ቀን የኮሩ አይመስለኝም።

አረፋ ግን ቀደመን። የፍርድ ቤቱ ወረቀት ሳይደርስ በዓሉ አለፈ፤ የሐጂ ዩስፍም ሻንጣ ተጫነ። ሰውዬው ግን መኪና አልገባም አሉ። «የሞተ ሰው አማና፣ የሞተ ሰው አደራ ተሸክሜ ጅጅጋ አልገባም» ብለው ልጃቸውን ሁለት ቀን አስጠበቋት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ወጣ። ነጭ በነጭ ለብሰው ቢሮ መጡ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ፈረሙ፣ እኔም ከጎናቸው ፈረምኩ። ለእኔም «ሙባረክ ይሁንልሽ፣ የዘይቱኑን ዛፍ እንዳትቆርጪው» ብለው ከዚያው መኪና ገቡ።

አልቆረጥነውም። አሁን ቤታችን ከሥሩ እየቆመ ነው። የመሠረቱን ድንጋይ በድሬ ጠያራ በኩል አስመጣን፤ ግድግዳው ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ጋሽ በቀለ አንድ ዓይናቸውን ታክመው ማየት ጀምረዋል። በየቅዳሜው ይመጡና የፈተና ወረቀትህን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ግንበኞቹን ይቆጣጠራሉ። መስኮቱ አንተ ባልክበት ነው፤ ሐኪም ጋራ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ማድ ቤቱን ግን አስፍቼዋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ይግባኝ ማለት አይቻልም።

ባለፈው ሳምንት ካርታውን ልቀበል ሄድኩ። ደስታዬ ሙሉ አልነበረም፤ ስምህ የሌለበት ወረቀት ልቀበል ነው ብዬ ልቤ ከብዶት ነበር። ባለሙያው ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ ስሞቹ ትክክል መሆናቸውን እንዳረጋግጥ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቴር ኃይሉ ይላል። ከሥሩ ናሆም ግርማ ይላል።

ናሆም ግርማ። በየጠዋቱ የተማሪ ስም ከነአባቱ የምጠራ አስተማሪ ሆኜ ይህ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ! አለህ። በማኅተሙ አጠገብ፣ በጥቁር ቀለም፣ ከልጅህ ስም ጎን ተጽፈሃል። ባለሙያው «ስህተት አለው እንዴ?» አለኝ። ትክክል ነው አልኩት።

ለፋሲካ እንገባለን። አከራያችን አዲስ በር ካስገጠምኩላቸው አሮጌውን እንድወስድ ፈቅደውልኛል፤ ያንተን በር ነቅዬ ሐኪም ጋራ የሚታይበት ክፍል ላይ አስገጥመዋለሁ። ዘይት አላስነካውም። ጠዋት በጮኸ ቁጥር «ግርምሽ፣ ዛሬም እሑድ አልደረሰም?» እልሃለሁ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህ ጥያቄ አይቋረጥብህም።

ያንተው አስቴር