ቃታው እንደነበረ ይቆያል

ቦኬ ለሚገኙት ለአባቴ ለአቶ ኃይለሚካኤል ይድረስልኝ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? መስቀሉን በሰላም ዋላችሁ ወይ? ደመራውስ ዘንድሮ በየት በኩል ወደቀ? ወገብዎ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግርዎ ሳል ለቀቀዎት? ቀኝ እጅዎስ እህል መቁረስ ጀመረ ወይስ አሁንም በግራ ነው የሚበሉት? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ማሽላውስ ጥሩ ይዟል? ወንድሜ ማቲዎስ ሲነግረኝ ዘንድሮ ከሰው ቁመት አልፏል አለኝ፤ እግዚአብሔር ከበረዶ ይጠብቀው።

እኔ ደህና ነኝ፤ ቢሮውም እንደነበረ ነው። ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት፣ ጆሮዎ ስልክ ላይ ሲከዳዎት «እሺ፣ እሺ» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው። የአሁኑ ነገር ደግሞ በእሺ የሚታለፍ አይደለም። ሮዳስዬ፣ ለአያትሽ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራሽን፤ የሚያስቆጣቸው ቦታ ላይ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ።

ማቲዎስ ጠመንጃውን ከነፈቃድ ወረቀቱ በሰላም አድርሶልኛል። «ቃታው ከብዶኛል፤ አብዱናስር ዘንድ ወስዳ ታስላላልኝ፤ ከርከሮ እሸቱን ሳይጨርሰው ይመለስልኝ» ያሉትንም ቃል በቃል ነግሮኛል። ከዚያ ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ፣ እርስዎ እንዳይነግረኝ ያሉትንም ነገረኝ። ከርከሮዎቹ የጎረቤታችን የዓሊዩ ማሳ ውስጥ ሲገቡ ማማው ላይ ሆነው አነጣጥረው፣ ጣትዎ ቃታው ላይ አልታዘዝ ብሎ መቅረቱን፣ ከርከሮዎቹም ማሽላውን አንኮታኩተው በፊትዎ ማለፋቸውን፣ ዓሊዩም ወደ ማማው ወጥቶ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ከእጅዎ መቀበሉን። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር መቀመጥ ትተዋል አለኝ። አባባ፣ ማቲዎስ እስኪሄድ ጠብቄ አለቀስኩ። እንዳዘዙኝ ላደርግም ቆረጥኩ።

አብዱናስርን ያውቁታል፤ ከገበያው በታች ብየዳ ቤት ያለው፣ ድሮ ማረሻዎን የሠራልዎ ሰው ነው። ሰላምታዎን ሲሰማ ሌላውን ሥራ ሁሉ አስቀምጦ የእርስዎን ጀመረ። ከቀናት በኋላ ጠራኝና ሄድኩ። የውስጡን ሞላ በቀጭን ለውጦ፣ ቃታውን የሚይዘውን ብረትም በሞረድ ልጎታል። ከፍቶ ጥይት እንደሌለበት አሳየኝና «ነይ ሞክሪው» አለኝ። ጣቴን ገና ሳሳርፈው ቀጭ አለ። «ይሄ ነው ለአባትሽ ጣት የሚሆነው» ብሎ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፤ ልደብቅዎ አልፈልግም፣ እጁን ስሜ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞት እያወራን ሳለ ሚስቱ ሳብሪና ምሳውን ይዛ ገባች። ሳህኑን ስታስቀምጥ ጠረጴዛው ተነቃነቀ፤ ጠመንጃው ተንሸራትቶ ሰደፉ መሬቱን መታ። ቀጭ አለ። ማንም አልነካውም። አፈሙዙ ትክክል ወደ ሳብሪና ሆድ ዞሮ ነበር።

ባዶ ነው፤ ባዶ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ክው ብለን ቀረን። አብዱናስር «ባዶ ነው፣ ባዶ ነው» እያለ ሲያባብላት፣ እሷ እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች «እዚህ ባዶ ነው። ሽማግሌው ቤትም ባዶ ሆኖ ነው የሚቀመጠው? እዚያ ቤት ልጅ የለም?» አለችው። እኔ ሮዳስ ናት የታየችኝ፤ ከማማው ሥር ቆማ ቁርስዎን ወደ ላይ ስታቀብልዎ።

አብዱናስር ላብ ላብ ብሎት «ትንሽ መልሼ ላጥብቀው» አለ። «ትንሽ አይደለም፣ እንደነበረ ያድርጉልኝ» አልኩት። «አባትሽ ያዘዙኝን ነው የሠራሁት፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» ሲለኝ «ልጅዎ ከለከለችኝ ይበሏቸው» አልኩ። ተቀየመኝ መሰለኝ። ሳብሪና ግን ምሳውን ከፊቱ አንስታ «መጀመሪያ ያንን መልስ» አለችው፤ ወላሂ ብሎ ሳቀና ሥራውን ጀመረ። የቀድሞውን ሞላ መለሰ፣ የላገውን ብረት በሌላ ተካ፤ የዘመናት አቧራና የረጋ ዘይትም ጠርጎ አወጣለት። ባዶውን በሰደፉ መሬት ላይ ደጋግመን ብንመታው ንቅንቅ አላለም። ክብደቱ ግን ያው የጥንቱ ነው።

እቤቴ ይዤው ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ፤ አባባ፣ የታመመው ጠመንጃው አይደለም፣ እጅዎ ነው። የታመመውን ትተን ጤነኛውን ስናክም ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ የታመመ እጅ የምታሠራ ሚካል የምትባል ባለሙያ አነጋገርኩ። ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ናት፤ ቁም ነገረኛ ልጅ። «ቃል አልገባልሽም፤ ነገር ግን ቶሎ ከመጡና ካልሰለቹ ብዙ እጅ ሲመለስ አይቻለሁ» አለችኝ። ቀጠሮ አስይዤልዎታለሁ።

ስለዚህ ጠመንጃውን አልልክልዎትም። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ማቲዎስን ቢልኩት ባዶ እጁን ይመለሳል። ደፍሬዎ አይደለም፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ እልኸኝነቴን ያውቁታል። እርስዎ ይምጡ። እጅዎ ይሠራ። ያንን ቃታ እንዳለ መሳብ የቻለ ቀን ጠመንጃውን ራስዎ ተሸክመው ይመለሳሉ፤ እኔ ሻንጣዎን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። እጅዎ እምቢ ካለም፣ እምቢ ይበል፤ ጠመንጃው እዚሁ ይቀራል፣ እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እሸቱ እስኪደርቅ ከእርስዎ ጋር ማማው ላይ ወንጭፍ ይዤ እቀመጣለሁ።

ማሳውን ማን ይጠብቃል እንዳይሉኝ ዓሊዩ ጋ ደውያለሁ። ከጎረቤቶቹ ጋር ውሾቹን ይዘው ሊፈራረቁ ተስማምተዋል። እርስዎ በዚያ ቀን ነገር ማፈርዎን ስነግረው ተቆጣኝ። «ኃይለሚካኤል አባ ኬኛ ነው፣ የኛም አባት ነው። ለጠመንጃው ብለን የምንወደው መሰለው? እሱ ማማው ላይ ሆኖ ሲጣራ ነው መንደሩ የሚነቃው። በይው፣ ታክሞ ይምጣ፤ ድምፁ ናፈቀን» አለኝ። እንዳለው ጻፍኩልዎ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

የሚመጣው ሐሙስ ሚኒባሱ ላይ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ቦታ አስይዤልዎታለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ካልወረዱ አርብም እቆማለሁ፣ ቅዳሜም እቆማለሁ።

ማቲዎስን ሰላም በሉልኝ፤ ምስጢር ስላወጣ እንዳይቆጡት። ሮዳስዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ የጠየቀችኝን የሒሳብ መጽሐፍ አግኝቼላታለሁ። ለዓሊዩና ለቤተሰቡ ሰላምታዬ ይድረስ። እማዬ፣ አንቺን በናፍቆት እስማለሁ። ሐሙስ ጠዋት አባባ «አልሄድም» ያሉ እንደሆነ፣ ልብሳቸውን ሸክፈሽ ደጅ አውጪና በሩን ዝጊባቸው።

ልጅዎ ወሰንየለሽ ኃይለሚካኤል
ጭሮ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.