ስም ያልተቀረጸበት ብዕር

ሳይጎን፣ ኖቬምበር 17 ቀን፣ እሑድ ጠዋት

ለውዷ ልጄ ለኩዌ፣

ኦሳካ መብረድ ጀምሯል ይላሉ፤ ሹራብሽን አደራ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ዓይኔም መነጽሩን ካደረግኩ ደህና ነው። ዝናቡ ስላበቃ ብዕር የምጠግንበትን የመስታወት ሣጥኔን ወደ መንገዱ ዳር መልሼ አውጥቻለሁ። እህት ባ እንደ ድሮው ከጎኔ ሩዝና የተጠበሰ ሥጋ ትሸጣለች፤ ጭሱም እንደ ድሮው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ትናንት ጠዋት፣ "ልጅሽ ጃፓን ገብታ ጃፓናዊ አገባች፤ አንቺ እስካሁን የሰው ብዕር ታጥቢያለሽ" አለችኝ።

"የሚታጠብ እስካለ ድረስ" አልኳት።

"እኔ ብሆን ያን አማች ፎቅ አሠራው ነበር" አለችና ለደንበኛዋ የዓሣ መረቅ ጨመረችለት። ሰላም በይልኝ ብላለች።

የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። ታካኖሪ ፊቱ ደግ ነው። ትንሽ የፈራ ይመስላል፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ሲያገባ የማይፈራ ወንድ እኔ አላምንም። ከኋላችሁ የሚታየው ባንኮኒ የማዘጋጃ ቤቱ መሆኑን ነግረሽኛል። እዚያው ፈርማችሁ፣ ወጥታችሁ፣ ኑድል በልታችሁ ወደ ሥራ ተመለሳችሁ። ደስ ብሎኛል። በስልክ ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት መስመሩ ተቋርጦ አልነበረም። የምለው ቃል አጥቼ ነው። አሁን ስላገኘሁት እጽፍልሻለሁ።

ጽሑፉ ወፈር ካለብሽ እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም፤ ብዕሩ ለእኔ አዲስ ስለሆነ ነው። የብዕሩን ነገር እነግርሻለሁ፤ ግን ከአባባ ቱዋን ልጀምር።

በዝናቡ መጀመሪያ ማረፋቸውን ሰምተሻል። ከኪሳቸው የኮኮናት ከረሜላ እያወጡ ይሰጡሽ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ለእኔ ምን እንደሆኑ ግን አጫውቼሽ አላውቅም። አባትሽ ከሞተ በኋላ እዚሁ መንገድ ላይ ዳቦ እሸጥ ነበር። መጠቅለያዬ በኪሎ የሚገዛ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ነው። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ስላቋረጥኩ የማነበው እሱን ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ አነባለሁ፣ ከዚያ እጠቀልላለሁ። አንድ ቀን የተከፈተ ብዕር ሥዕል ያለበት ገጽ እጄ ገባ። ቀለም የሚሞላበት የጎማ ከረጢት፣ ከረጢቱን የሚጨምቀው ዘንግ፣ ቀለሙ ወደ ጫፉ የሚወርድበት ቀጭን ቦይ፣ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ያን ገጽ ለማንም ዳቦ አልጠቀለልኩበትም። አባባ ቱዋን ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ እሱን ሳይ ደረሱብኝ።

"ይሄን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ።

"ሥዕሉን አውቀዋለሁ።"

"ሥዕሉን ካወቅሽ የቀረው የእጅ ሥራ ነው" አሉ።

በማግስቱ ጎማው የደረቀ አሮጌ ብዕር አምጥተው ከዳቦው ጎን አስቀመጡልኝ። ሰበርኩት። እንባዬ መጣ። እሳቸው ስብርባሪውን አገላብጠው አዩና፣ "ጥሩ፣ አሁን የት ጋ እንደሚሰበር አውቀሻል" ብለው ሌላ አመጡ። እንደዚያ እያልኩ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን ደግሞ ከወርቅ ብዕሮቻቸው አንዱን አመጡ። ከላይ በወርቅ የተለበጠ አይደለም፤ ቀፎውም ክዳኑም ራሱ ወርቅ የሆነ፣ ከእሳቸው ዕድሜ የሚበልጥ ብዕር ነው። መዳፌ ላይ አስቀመጡትና፣ "የሸንኮራ ጭማቂ ልጠጣ" ብለው መንገዱን ተሻገሩ። ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ኩዌ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሱቅ በገባሁ ቁጥር፣ እንዳልሰርቅ፣ ሰው የሚያየው እጄን ነበር።

ሙሉ ዕድሜያቸውን የሰበሰቡት እንዲህ ያለውን ብቻ ነው፤ አሮጌና ድፍን ወርቅ የሆነውን። አገር ከሚለቁ ቤተሰቦች፣ ከደላሎች፣ አንዳንዴም ከወርቅ ቤት ማቅለጫ አፍ ያወጡት ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል የድሮ ባለቤታቸው ስም ተቀርጾባቸው ነው የሚመጡት። ሌሎች ሰብሳቢዎች ስም ያለበትን ስለማይወዱ አስፍቀው ያስወለውሉታል። አባባ ቱዋን አንድም ስም አላስፋቁም። "ሰውየው የት ይሂድ?" ይሉ ነበር። ከሁሉም አንዱ ብቻ ስም የለውም። ቀፎው ዙሪያውን እንደ ውሃ ሞገድ የተቀረጸ ነው፤ መሃል ላይ ለስም የተተወች ለስላሳ ቦታ አለች፣ ባዶ። ቀለም ነክቶትም አያውቅም። በየወሩ አምጥተው አስጸዱኝ እንጂ አልጻፉበትም።

ሌሎቹን በሕይወት እያሉ ለልጆቻቸው አከፋፈሉ። ያ ባዶው ለባለቤታቸው ለእማማ ሊዩ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ሊዩ ወደ ሣጥኔ መጡ። የልጅ ልጃቸው ዩየን ልታገባ ነው። ሙሽራ በቤቱ ውስጥ በሞቱ አባቶች መሠዊያ ፊት ቆማ ከአያቷ እጅ ወርቅ ሳታጠልቅ ከቤት እንደማትወጣ ታውቂያለሽ። ወርቅ ደግሞ ዘንድሮ እንዴት እንደተወደደ ሰምተሻል።

"ሱየን፣ ይሄን ፍቺልኝ" አሉና ብዕሩን ከመሐረብ አወጡት። "ጎማውንም ምኑንም አውጪው። አንጥረኛው ላም ጋ ወስጄ አስቀልጬ ለልጅቷ አምባር ላሠራበት ነው።"

ዕቃው የእሳቸው ነው፣ ምን እላለሁ? "እዚያው ወርቅ ቤት መጥቼ እፈታዋለሁ፤ በመንገድ እንዳይጠፋ" አልኩ። የፈለግኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ስወጣ የሠርጌን ጥንድ አምባር ከወተት ቆርቆሮው አውጥቼ አጠለቅኩ። ያን አምባር ታውቂዋለሽ። ልጅ ሳለሽ አጥልቀሽው ክንድሽ ድረስ ይወጣ ነበር። ያሰብኩት ነገር ነበረኝ፤ ለመናገር ድፍረቱ ይኑረኝ አይኑረኝ ግን አላውቅም ነበር።

አንጥረኛው ላም ብዕሩን ተቀብሎ በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ሊያሸው ሲል እጁን ያዝኩት።

"ከውጭ አይሆንም፤ በክዳኑ አፍ ከውስጥ በኩል እሸው" አልኩት።

"ሊቀልጥ ነው እኮ፣ እህቴ፤ ምን ያስጨንቅሻል?" አለና ግን እንዳልኩት አደረገ። አሸት አድርጎ አሲድ ጠብ አደረገበትና ጭረቱን አየ። ከዚያ እማማ ሊዩን አየ።

"እማማ፣ ይሄ የፈረንጅ ወርቅ ነው። አሥራ ስምንት ካራት። ለሠርግ አይሆንም። ቀልጦም ይገረጣል፤ የሙሽራው ዘመዶች ገና ከሩቅ ነው የሚለዩት።"

እማማ ሊዩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እዚህ አገር ለሙሽራ የሚሰጠው ንጹሑ ብቻ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሌላውን ከነሐስ ለይቶ የሚያየው የለም።

"ውሸት ነው ማለት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ዕድሜውን ሁሉ ሲወለውል የኖረው ይሄን ነው? እኔን እሁድ እሁድ ብቻዬን እያስቀመጠ ሲሮጥለት የኖረው?"

"ውሸት ነው አላልኩም፣ እማማ፤ ለሠርግ አይሆንም ነው ያልኩት" አለ ላም።

"ለሠርግ የማይሆን ወርቅ ለምን ይሆናል? ሞኝ ነበር። ሁሉም ያታልሉት ነበር። እኔም ዝም ብዬ አየሁት።"

አለቀሱ። በቀብሩ ቀን ያላለቀሱት ሴትዮ እዚያ የወርቅ ሚዛን ፊት አለቀሱ። የብዕሩ ነገር ያን ጊዜ ከልቤ ወጣ። ሰውየው ካረፉ በኋላ በሚስታቸው ዓይን ሞኝ ሆነው ሊቀሩ ነው፤ ከማቅለጫው ይልቅ ይሄ ከበደኝ። ሰው ፊት ብዙ እንደማልናገር ታውቂያለሽ። አንደኛውን አምባር አውልቄ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ።

"እማማ፣ ይሄን ይዩት። ንጹሕ ነው አይደል?"

"ንጹሕ ነው። ግን ጎብጧል።"

"የጎበጠው የበሩን መቀርቀሪያ ነክቶት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ንጹሕ ወርቅ እንዲህ ለስላሳ ነው። አባባ ቱዋን ኪስ ውስጥ እንዲህ ያለ ብዕር ቢኖር አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲጫናቸው ይታጠፍ ነበር። ጫፉማ አንድ መስመር ሳይጽፍ ይከፈታል። መዳብና ብር የቀላቀሉበት ሊያታልሉ ብለው አይደለም፤ እንዲጻፍበት ነው። ካራቱም ቢሆን ክዳኑ ላይ ተጽፏል፣ እሳቸው በማጉያ መነጽር ያነቡልኝ ነበር። አልተታለሉም፣ እማማ። ያውቁ ነበር።"

"ልክ ናት" አለ ላም። "እኔ ንጹሕ ወርቅ ነው የምሸጠው፣ ግን ጣቴ ላይ ያለው ቀለበት ድብልቁ ነው። ሥራ አለብኝ እኮ።"

እማማ ሊዩ አምባሩን በአንድ እጅ፣ ብዕሩን በሌላው ይዘው አመዛዘኑ። ከዚያ ሳቁ፣ አፍንጫቸውን እየጠራረጉ። "አንድ ቀን ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ንጹሕ ነው ብዬ ለጎረቤት ስኩራራበት ነው የኖርኩት" አሉ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ሁለተኛውንም አምባር አወለቅኩና፣ "ለዩየን እነዚህን ያጥልቁላት። ብዕሩን ለእኔ ይተዉልኝ" አልኩ።

"አብደሻል? ይሄ የኩዌ ነው።"

"ኩዌ ፈርማለች።"

እማማ ሊዩ አዩኝ። "ማን አጠለቀላት?" አሉ።

ሁለተኛውንም አምባር ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁም። ብዕሩን በመሐረቡ ጠቅልለው እጄ ውስጥ አስገቡትና በሁለት እጃቸው ጣቶቼን ገጠሙልኝ። ላም ጎባጣውን አምባር በእንጨት መዶሻ አቃንቶ ሁለቱንም ወለወላቸው፤ አዲስ መሰሉ።

ሠርጉ ትናንት ከሰዓት ነበር። ዩየን ቀይ ለብሳ መሠዊያው ፊት ቆመች፤ የአባባ ቱዋን ፎቶ ከላይ ሆኖ ያያታል። እማማ ሊዩ አንዱን አምባር አጠለቁላት። ከዚያ ከኋላ፣ ከምግብ አቅራቢዎቹ ጋር የቆምኩትን ጠሩኝ፣ "ሱየን፣ ነይ፤ ሁለተኛውን አንቺ አጥልቂላት።" ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሄድኩ። የልጅቷ እጅ ይሞቃል፣ ትንሽም አልቦታል፤ አምባሩ አንጓዋ ላይ ተያዘና ቀስ ብሎ አለፈ። እንዴት እንደሚያልፍ አሁን አውቃለሁ። ልጄ፣ ያን ስላየሁ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ይቀየም ይሆናል፤ እኔ ግን እውነቴን ነው፣ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ይህን የምጽፍልሽ በዚያ ብዕር ነው። ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም ሞላሁት። ይጽፍ እንደሆነ ሳልሞክረው ልልክልሽ አልፈለግኩም፤ እንደምታይው ይጽፋል። የእህት ባ የወንድም ልጅ ማክሰኞ ወደ ኦሳካ ስለሚበር እሱ ይዞልሽ ይመጣል። ማዘጋጃ ቤቱ በባንኮኒው ላይ በክር በታሰረ እስክሪብቶ አስፈርሟችሁ ይሆናል፤ ግድ የለም። ቤታችሁ ውስጥ ለሚፈረመው ሌላ ነገር ሁሉ ይሄ ይሁናችሁ። በየጊዜው በለብ ያለ ውሃ እጠቢው፣ ሙቅ ውሃ ጎማውን ይጎዳዋል። ታካኖሪም ይጻፍበት፤ የእጁ ብርታት አያስፈራሽ፣ አይጎብጥም።

ለስም የተተወችው ቦታ አሁንም ባዶ ናት። የትምህርት ቤት ብዕርሽ ላይ ስምሽን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ይሄንንም ልቀርጽ መሣሪያዬን አውጥቼ ነበር። ከዚያ ቆምኩ። እዚያ አገር ሴት ስታገባ በባሏ የቤተሰብ ስም ትጠራለች ይላሉ። አሁን ስምሽ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። በስልክ ልጠይቅሽ ፈልጌ አፈርኩ። የትኛውም ይሁን፣ ያምራል። ግን ጽፈሽ አትላኪልኝ፣ በፎቶ የሚቀረጽ ነገር አይደለም። ብዕሩን ይዘሽ ስትመጪ ሣጥኔ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ስምሽን በእጅሽ ትጽፊልኛለሽ፣ እኔ መስመሩን ተከትዬ እቀርጸዋለሁ። አትቸኩዪ። ወርቅ ነው፣ አይዝግም።

ብዕሩን የጠቀለልኩበትን ወረቀት አትጣይው። የታጠፈበት ቦታ ሳስቷል፣ ቀስ ብለሽ ክፈቺው። ያኔ ለማንም ዳቦ ያልጠቀለልኩበት ገጽ ነው።

አባቶቻችን ቤትሽን ይጠብቁልሽ። የምትበሉት አይጉደል፣ ሥራ ውላችሁ ስትገቡ መብራቱን ቀድሞ የሚያበራ ሰው ከሁለታችሁ አይታጣ። ለታካኖሪ፣ አማቱ እጁን ሳትጨብጠው እንደወደደችው ንገሪልኝ።

እናትሽ
ሱየን