ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ

ሲያትል፣ ኅዳር 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሠርካለም፣

ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ በረቱ? እኔ እመቤቴ ትመስገን፣ ጤናዬ ደህና ነው። ግራ የሚያጋባኝ የቢሮ ሰው ነው እንጂ።

አራት ሆነን የምንሠራበት ትንሽ የኢንሹራንስ ቢሮ መሆኑን ነግሬሻለሁ። ሊንዳ የምትባለው ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጠው እንቁላል ላይ ሳይቀር ስሟን ትጽፋለች። ጄሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። «ኧረ ተው!» ስለው «ሶሪ» ይልና ዜማውን ይቀይራል።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ኬክ ይዞ መጣና «ትፈልጋለህ?» አለኝ። እንደ ወጉ «ኧረ ይቅርብኝ» አልኩ። ደግሞ ይለምነኛል ብዬ ስጠብቅ ድርሻዬን ለጄሪ ሰጠው! እሺ፣ እሱስ ኬክ ነው።

ሰኞ ለብቻዬ ጠራኝ። «ቢሮው ወደ ሾርላይን ሊዛወር ነው፤ አብረኸን መሄድ ትፈልጋለህ?» አለኝ። የቸኮልኩ እንዳይመስልብኝ «ኧረ ለእኔ ብለህ አትቸገር» አልኩት። አመስግኖ እጄን ጨበጠኝ። ይኸው አራት ቀኑ፣ መልሶ አልጠየቀኝም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

የሚገርምሽ ግን ዛሬ ጄሪ ሲያፏጭ አልዋለም። ሊንዳም ስሟን ከአንዱ እንቁላል ላይ ፍቃ «ያንተ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ምን ነካቸው?

ለጎረቤቶቹ ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። መልስሽን ግን እንደ ወትሮው በቢሮው አድራሻ አትላኪው፤ የቤቴን ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

ወንድምሽ መልከጸዴቅ